የገንዘብ ሐኪሙ

ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራል። የአገር ገንዘብ ሲታመምስ ማን ይጠራል? የዛሬ መቶ ዓመት ግድም በደቡብ አሜሪካ ይህን ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ስም ነበር፤ ኤድዊን ዋልተር ኬመረር። የገንዘብ ሐኪም የሚል ቅጽል ወጥቶለት በዚያው ይጠራ ነበር። ዛሬ የውጭ አማካሪዎች መጥተው ባንኩን አሻሽሉ፣ ምንዛሬውን አስተካክሉ፣ ይህን ሕግ አውጡ ሲሉ በሬዲዮ እንሰማለን። ይህን ሥራ እንደ ሙያ ይዘው ከአገር አገር ከዞሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዋነኛው እሱ ነው። ስለዚህ እኛ ሳንቲም በሳንቲም የምንቆጥብ ሴቶች የዚህን ሰው ሕይወት ብናውቅ ይጠቅመናል ብዬ ነው ለመጽሔታችን የጻፍኩት። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኬመረር በ1875 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ስክራንተን በምትባል የድንጋይ ከሰልና የባቡር ከተማ ተወለደ። ዌስልያን በተባለው ኮሌጅ ተምሮ በ1899 ተመረቀ። ከዚያ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1903 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ጥናቱ በገበያ የሚዘዋወረው ገንዘብ ሲበዛ የዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደሚወጣ በቁጥር የሚመረምር ነበር። ዘይትና ጤፍ የምንገዛ ሰዎች ነገሩን ያለ ዲግሪም እናውቀዋለን፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም። የገንዘብ ዋጋ መውረድ ከሁሉም ይልቅ ደመወዝተኛውንና ጥቂት የቆጠበውን ሰው ይዘርፋል የሚል እምነት ነበረው። በዚህ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ዶክትሬቱን እንደያዘ በዚያው ዓመት ወደ ፊሊፒንስ ተላከ። አሜሪካ ደሴቶቹን ከስፔን ከወሰደች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ገበያው የሚሠራው በሜክሲኮ የብር ዶላር ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብርም የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት፣ ከሩቅ አገር ተመትቶ የሚመጣ ነበር። የእንዲህ ያለ ገንዘብ ችግር ዋጋው ብር የተባለው ማዕድን በዓለም ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ልክ መውጣት መውረዱ ነው። አንዲት ነጋዴ ዛሬ የሸጠችበት ገንዘብ በወሩ ዕቃ ልታስመጣ ስትሄድ ከስሞ ይጠብቃታል። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ማዕድኑ ረከሰ እንጂ። ስለዚህ አዲስ ፔሶ ወጣና ሁለት ፔሶ ሁልጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። ይህን በሥራ ላይ የማዋል ኃላፊነት በወጣቱ ኬመረር ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሥራው በሕግ ብቻ አልቆመም። ከሁለት ዓመት በኋላ ብር በዓለም ገበያ ተወደደና ሳንቲሙ ቀልጦ ቢሸጥ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የሚያወጣ ሆነ። ሰው እየሰበሰበ ወደ ውጭ ያወጣው ጀመር። በ1906 አዲስ ሕግ ወጥቶ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር እንዲቀነስ ተደረገ። የፔሶው ዋጋ ግን እንደቆመ ቆየ። ኬመረር ከዚህ የተማረው ነገር በኋላ በሄደበት ሁሉ ያስተማረውን ነው፤ ገንዘብ የሚቆመው ለመለወጥ ሲመጡ የሚከፈልበት መጠባበቂያ ካዝና ውስጥ ሲኖር ነው። ከሚስቱ ከራሔል የወለደው ልጁ ዶናልድ በ1905 የተወለደው እዚያው ማኒላ ነው። ዶናልድ አድጎ እሱም የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር ሆነ፤ የአባቱንም የሕይወት ታሪክ ጻፈ።

በ1906 ደግሞ የግብፅን የእርሻ ባንክ አጥንቶ ለፊሊፒንስ አስተዳደር ሪፖርት አቀረበ። ይህ ባንክ በአራጣ አበዳሪ ለተያዙ ገበሬዎች ትንንሽ ብድር የሚሰጥ ነበር፤ ብድሩንም የመንግሥት ግብር ሰብሳቢዎች ከመሬት ግብሩ ጋር አብረው ይሰበስቡለት ነበር። ከባንኩ ጀርባ የቆመው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነው። በዚያው በ1906 አዲስ አበባ ላይ የአቢሲኒያ ባንክ በሩን ሲከፍት ያቋቋመውም ያው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ እንደነበር በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ።

ከዚያ በኋላ ኮርኔል፣ ከ1912 ጀምሮ ደግሞ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በፕሪንስተን ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1917 ስለ ፖስታ ቤት ቁጠባ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ብዙዎች ስለ እሱ ሲጽፉ ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን ልለፈው አልወደድኩም። የአሜሪካ መንግሥት በ1911 በፖስታ ቤቶች ቁጠባ መቀበል ሲጀምር በብዛት የመጡት ባንክ የማያምኑ ስደተኞችና ሠራተኞች ነበሩ። የትልልቅ ባንኮች ሊቅ የሚባለው ሰው ስለ እነዚህ ሰዎች ጥቂት ዶላር መጽሐፍ ለመጻፍ ጊዜ ሰጥቷል። በ1917 የሜክሲኮ መንግሥት በአብዮቱ ጊዜ የወረቀት ገንዘቡ ዋጋ ስላጣበት ጠርቶት አማከረ። በ1919 ጓቲማላ ጠራችው። ስሙ ግን ገና አልገነነም። ስሙን ያገነነችው ኮሎምቢያ ናት።

ኮሎምቢያ በ1923 መጋቢት ላይ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ተቀበለችው። አንዱ የባንክ ሰው፣ አንዱ የግብር ሊቅ፣ አንዱ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ አንድ ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም። የተለያየ ዓይነት ወረቀት በገበያ ይዘዋወር ነበር፤ አንዱ ባንክ ሲንገዳገድ ደርሶ የሚይዘው ሌላ ባንክ የለም። አሜሪካ ፓናማ ከኮሎምቢያ በተገነጠለችበት ነገር እጇ ስለነበረበት 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማምታ ነበርና ለአዲሱ ባንክ ካፒታል ከዚያ ተገኘ። እነ ኬመረር ሕጉን አርቅቀው ሰጡ፤ ምክር ቤቱም በሐምሌ ወር አጸደቀው። ባንኩ ግን ገና ቢሮም ኖትም አልነበረውም።

በዚያው ወር ባንኮ ሎፔዝ የተባለ የቦጎታ ባንክ ችግር ላይ ወደቀ። ወሬው ሲሰማ ገንዘብ ያስቀመጠው ሁሉ ገንዘቤን ስጡኝ ብሎ ጎረፈ። በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የትኛውም ባንክ ያስቀመጥነውን ገንዘብ አበድሮታል እንጂ ካዝና ውስጥ ሁሉንም አያኖረውም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ከመጣ ጤነኛውም ባንክ ይወድቃል። መንግሥት ባንኮች እንዲዘጉ ብሎ ቀናቱን በዓል አደረጋቸው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት አዲሱ ማዕከላዊ ባንክ በጥድፊያ ተቋቋመ። ኖት ለማሳተም ጊዜ ስላልነበረ ቀደም ብሎ የታተመ የሌላ ተቋም የወርቅ ምስክር ወረቀት ተወስዶ የባንኩ ስምና ጊዜያዊ መሆኑ በላዩ ታተመበት። ሐምሌ 23 ቀን 1923 ባንኩ በዚህ ወረቀት ሥራ ጀመረ፤ ለተጨነቁት ባንኮች አበደረ፣ ሽብሩም በረደ። ባንኮ ሎፔዝ ራሱ አልዳነም። ሌሎቹ ግን ተረፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ሲያድን ሕዝቡ በዓይኑ አየ፤ ዝናውም ጎረቤት አገሮች ደረሰ።

የኬመረር ማዘዣ በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ ኖት የሚያወጣ አንድ ማዕከላዊ ባንክ ይኑር፤ ኖቱም በወርቅ የሚለወጥ ይሁን፤ በቦርዱም የመንግሥት ሰዎች ብቻቸውን የሚወስኑበት አይሁን። ሁለተኛው፣ ባንኮችን ሁሉ ድንገት ገብቶ ሂሳባቸውን የሚመረምር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይቋቋም። ሦስተኛው፣ የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር ዋና ኦዲተር ይኑር። ይህ እኮ ለእኛ አዲስ አይደለም። የማኅበራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ ያላት፣ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ የሆኑት፣ ገንዘብ ያዥዋ ሰብሳቢ እንዳትሆን የከለከልነው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ የእሱ ሣጥን የአገር መሆኗና ሊከፍቷት የሚፈልጉት ጄኔራሎችና ሚኒስትሮች መሆናቸው ነው።

ከኮሎምቢያ በኋላ ግብዣው ተከታተለ። በ1924 መጨረሻ ከኔዘርላንድስ ባንክ ኃላፊ ከቪሰሪንግ ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እንግሊዝን ሳትጠብቁ ወደ ወርቅ ተመለሱ ብሎ መከረ። በ1925 ቺሌ ጠራችው። እዚያ ከ1878 ጀምሮ በወርቅ የማይለወጥ ወረቀት ሲዘዋወር የሠራተኛው ደመወዝ በየጊዜው ይሸረሸር ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሕጎቹን ጽፎ ሰጠ፤ ማዕከላዊ ባንኩም በ1926 ጥር ላይ ተከፈተ። በ1926 ፖላንድን አማከረ።

ኢኳዶር በዚያው ዓመት ስትጠራው ሕመሟ የተለየ ነበር። በወደብ ከተማዋ በጓያኪል አንድ የግል ባንክ ለመንግሥት እያበደረ፣ ያለ በቂ ወርቅ ኖት እያተመ፣ አገሩን በተዘዋዋሪ ሲገዛ ኖሯል። በ1925 ወጣት መኮንኖች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ቀዳሚ ክሳቸውም ይህ ባንክ ነበር። ኬመረር መጥቶ ኖት የማሳተም መብት ከግል ባንኮች ተወስዶ ለማዕከላዊ ባንክ እንዲሰጥ፣ አምስት ሱክሬ አንድ ዶላር እንዲሆን የሚያደርገውን ሕግ አዘጋጀ። እዚህ ላይ የሠራው ሥራ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ከአገሬው ተወላጅ ማንም ቢደፍረው ወገንተኛ ይባል ነበር፤ የውጭ ሰው ሲናገረው ግን ባለባንኮቹ ማጥላላት ተቸገሩ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁ ነበር። የጎደላቸው የሚሰማ አፍ ነው።

ያ አፍ የሚሰማው ደግሞ ኒው ዮርክም ነበር። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ኬመረር የአሜሪካ መንግሥት ሹም ሆኖ አልሄደም፤ ደመወዙን የሚከፍለው የጠራው አገር ነው። ነገር ግን እሱ የሄደበት አገር ቦንድ በኒው ዮርክ በቀላሉ ይሸጥ ነበር። ሐኪሙ አይቶታል፣ ይሻለዋል ይባላል። ብዙ መንግሥታትም የጠሩት ለመዳን ሳይሆን ብድር ለማግኘት ነው። እሱም ራሱ በእነዚያ ዓመታት ቦንዶቹን ከሚሸጡት የኒው ዮርክ ድርጅቶች ከአንዱ የአማካሪነት ክፍያ ይቀበል ነበር። በዘመኑ እንደ ነውር አልተቆጠረም ይሆናል። በእኛ ማኅበር ግን ብድር የሚያጸድቅ ሰው ከአበዳሪው አበል ቢቀበል ስብሰባ ይጠራበታል።

ቦሊቪያ የዚህ ምሳሌ ናት። በ1927 ሄዶ ሦስት ወር ግድም ሠራ፤ ሕጎቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጸደቁ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት አገሪቱ አዳዲስ ትልልቅ ብድሮች ወሰደች። ይህ ሁሉ ዕዳ የሚከፈለው ቦሊቪያ ከምትሸጠው ከቆርቆሮ ማዕድን ነበር። የባንኩ ሕግ ጥሩ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ጥሩ ነው፤ ግን አገሪቱ አንድ ዕቃ ብቻ ሸጣ የምትኖር መሆኗን የትኛውም የባንክ ሕግ አይለውጠውም።

በ1929 ትልቅ ቡድን ይዞ ቻይና ሄደ፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ቆየ። ቻይና በብር ማዕድን የምትገበያይ ሰፊ አገር ናት። የጦር አለቆች የየራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ወርቅ እንድትሸጋገር ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ፤ የአዲሱ ገንዘብ ስም በሱን ያት ሴን መታሰቢያነት ሱን እንዲባል፣ ዋጋውም 40 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሱን ግን አንድም ቀን በገበያ አልታየም። ከቡድኑ አባላት አንዱ፣ አርተር ያንግ፣ እዚያው ቀርቶ ለብዙ ዓመት አማካሪ ሆነ። እንግዲህ ሦስት ወር ቆይቶ ረቂቅ ሰጥቶ የሚሄድ አማካሪና ቀርቶ ከሥራው ጋር የሚኖር አማካሪ ይለያያሉ።

ቡድኑ ቻይና እያለ በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። የቡና፣ የቆርቆሮ፣ የመዳብ ዋጋ አብሮ ወረደ። አዲስ ብድር ቆመ። አሁን የኬመረር ሕግ የሚያዘው ነገር ጨካኝ ሆነ። ወርቅ ከአገር ሲወጣ ማዕከላዊ ባንኩ በገበያ ያለውን ኖት መቀነስና ወለድ ከፍ ማድረግ አለበት። ይኸውም ሰው ሥራ እያጣ ባለበት ጊዜ ገንዘብን ይበልጥ ማድረቅ ማለት ነው። ማዕከላዊ ባንኮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋቸውን በታማኝነት ጠበቁ፤ ጠብቀውም አገሩን አስጨነቁት። በቺሌ የናይትሬት ማዕድን ሠራተኞች በሺህ እየሆኑ ከሰሜኑ በረሃ ወደ ሳንቲያጎ ወረዱና በየመጠለያው የነፃ ምግብ ተሰለፉ። የእነዚያን ሰዎች ሚስቶች አስባለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት የባሎቻቸውን ደመወዝ ከዋጋ ንረት ያድናል የተባለው ሕግ ነው አሁን ደመወዝ የሚባለውን ራሱን ሲያደርቅ ዝም ብሎ የቆመው።

ቦሊቪያ በ1931 መጀመሪያ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በዚያው ጊዜ ኬመረር ፔሩ ነበር፤ የመጨረሻው የደቡብ አሜሪካ ጉዞው ነው። ማዕከላዊ ባንኩን አደራጀ፤ ዕዳችሁን መክፈል ቀጥሉ ብሎም መከረ። እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ፔሩም አቆመች። ቺሌም በዚያው ዓመት አቆመች። በመስከረም 1931 እንግሊዝ ራሷ ወርቅን ተወች፤ በ1932 አጋማሽ ደግሞ ኬመረር ወርቅ ላይ ካስቀመጣቸው የአንዲስ አምስት አገሮች አንዱም በወርቅ ላይ አልቀረም። በዚያው በ1931 እኛ አገር የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኤቨረት ኮልሰን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ ነበራቸው። የውጭ አማካሪ መያዝ የዘመኑ ልማድ ነበር።

ኬመረር ግን አልተለወጠም። ሩዝቬልት በ1933 አሜሪካን ከወርቅ ሲያወጣ ተቃወመ፤ ጻፈ፤ ተከራከረ። በ1934 ቱርክ ጠርታው ሄደ። ተማሪዎቹ የነበሩት ወጣት ምሁራን ስለ ሥራ አጥነት ሲነጋገሩ እሱ ስለ ወርቅ ይናገር ነበር። በ1944 እንኳ ስለ ወርቅ መጽሐፍ አሳተመ። ይህን ግትርነት የሚነቅፉ አሉ፤ እኔም በከፊል እነቅፋለሁ። ነገር ግን የወረቀት ገንዘብ በመንግሥት እጅ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚሆን ሜክሲኮ ላይ በዓይኑ ያየ ሰው ነበርና ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። የሚገርመው፣ ከሥራው የወደቀው እሱ አብልጦ የወደደው ወርቁ ነው፤ የቆየው ደግሞ ሰው ብዙም ያላወራለት የሂሳብ ምርመራው ነው። የቦጎታው ባንክ በ2023 መቶ ዓመቱን አክብሯል። የቺሌውና የኢኳዶሩ ማዕከላዊ ባንክ፣ በየአገሩ ያቋቋማቸው የባንክ ተቆጣጣሪዎችና ዋና ኦዲተሮች አንዳንዶቹ ስማቸውን ለውጠው ዛሬም ይሠራሉ። ከ1932 በኋላ አገሮቹ ራሳቸው ሕጉን አሻሽለው፣ ለመንግሥትና ለገበሬ እንዲያበድሩ ፈቅደው፣ እንደ ቤታቸው አድርገው ያዙዋቸው። አንዳንዱ ጊዜ አብዝተው አበደሩና ዋጋ ናረ፤ አንዳንዱ ጊዜ ደግሞ ጥሩ ሆነ። ቁልፉ ግን በእጃቸው ነበር።

በ1943 ከፕሪንስተን ጡረታ ወጣ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1945 በሰባ ዓመቱ ሞተ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 27፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት ዋሽንግተን ላይ ተፈረመና ጸና። አንድ ፕሮፌሰር ሻንጣውን ይዞ ይሠራው የነበረው ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ። በዚያን ዕለት አባል ከሆኑት አገሮች ውስጥ የእሱ የቀድሞ ታካሚዎች ኮሎምቢያ፣ ቦሊቪያ፣ ቻይናና ፊሊፒንስ ነበሩበት። ኢትዮጵያም ነበረችበት።